ሬቲና ልግባ ወይስ ሞራ ላይ ልቅር? ብለሽ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እዚሁ ሐዋሳ በጠቅላላ ሐኪምነት እየሠራሽ ነው፤ ዓይን ሕክምና ለመግባትም ቆርጠሻል። ጓደኞችሽ ግን «ሞራ ላይ በርቺ፣ የስኳር ዓይን አድካሚ ነው» እያሉ ግራ አጋብተውሻል። የስኳር ዓይን የሚሉት የስኳር በሽታ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሲጎዳ ነው። እኔ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እዚያው አድካሚ የተባለው ሥራ ላይ ስለሆነ ልመልስልሽ።

ልክ ናቸው፣ አድካሚ ነው። የድካሙን ዓይነት ግን አውቀሽው ግቢ።

ሞራ ያወጣሽለት ሰው በማግስቱ የተሸፈነው ዓይኑ ሲገለጥ የልጁን ፊት ያያል። እልል ይባላል፣ ምርቃቱ አያልቅም። የስኳር ዓይን ላይ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ የለም። ሌዘር የሠራሽለት ሰው ከዓመት በኋላ መጥቶ «ዶክተር፣ ያው ነኝ፣ ምንም አልጨመረልኝም» ይልሻል። እኔ የአምናውንና የዘንድሮውን የእይታ ልክ ካርዱ ላይ አስተያይቼ እኩል ሳገኘው ደስ የሚለኝን ያህል ሌላ ነገር ደስ አይለኝም። ያ ሰው ሳይታከም ቢቀር ዓይኑ ሊጠፋ ይችል ነበር። በዚህ መደሰት ከቻልሽ ሬቲና ያንቺ ነው።

በሽታውን ታውቂዋለሽ። የሬቲና ጥቃቅን ደም ሥሮች መጀመሪያ ያፈሳሉ፣ ከዚያ ይዘጋሉ። ኦክስጅን ያጣው ሬቲና ስስ የሆኑ አዳዲስ ደም ሥሮች ያበቅላል፤ እነሱ ይደማሉ፣ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ይጎትተዋል። ክፋቱ ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም። እይታም ለረጅም ጊዜ ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚመጣው «እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ይንሳፈፍብኛል» ሲል ነው፤ ያኔ ደሙ ፈሷል።

መሣሪያ አለን። ሌዘር ከባድ የእይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ጥናት ታይቷል። ግን ዳር ዳሩን አቃጥለን ነው መሃሉን የምናተርፈው። የማታ እይታው ሊቀንስ እንደሚችል አስቀድመሽ ካልነገርሽው «አበላሹኝ» ብሎ ይጠፋል። መርፌም አለ። ለአንጀት ካንሰር የተሠራው አቫስቲን በጥቂት በጥቂቱ ተከፋፍሎ ለዓይን ስለሚውል ከሌሎቹ በብዙ ይረክሳል። «ዓይን ውስጥ መርፌ?» ብሎ የማይደነግጥ የለም። በጠብታ እንደሚደነዝዝ፣ በሰከንዶች እንደሚያልቅ ረጋ ብለሽ ስትነግሪው ይቀበልሻል።

ከባዱ እንዲመላለስ ማድረግ ነው። መርፌው መጀመሪያ ላይ በየወሩ ነው። ከአለታ ወንዶ ወይም ከዲላ የሚመጣ ሰው ትራንስፖርት አለበት፤ የብሌን ማስፊያ ጠብታው እይታውን ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝበት ደጋፊም ይዞ ይመጣል። አንድ መምህር ፊደሉ ሲጠራለት «ድኛለሁ» ብሎ ቀጠሮውን ተወ። ሲመለስ ሬቲናው ተነቅሎ ነበር። እንዲህ ያለው ያስለቅሳል። ፀበል እሄዳለሁ የሚልሽን አትቆጪው፤ «ይጠመቁ፣ ቀጠሮዬንም አይርሱብኝ» በይው። ሲዳምኛ ካልቻልሽ ደግሞ ተማሪ። እናት ስለ ዓይኗ የምትሰማው በትንሽ ልጇ አስተርጓሚነት መሆን የለበትም።

«እጄ ለቀዶ ሕክምና ይሆናል ወይ?» ላልሽው፣ እጅ በልምምድ ይመጣል። ቪትሬክቶሚ፣ ማለትም ዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ነገር የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለ ሥራ ነው፣ በደንብ ይማሩታል። የሚቸግርሽ የማሽኑ ዋጋና የአላቂ ዕቃ እጥረት ነው። ደግሞም ከእኛ እጅ የበለጠ ዓይን የሚያድነው የስኳር ቁጥጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ትልቅ ጥናት፣ ዓይነት አንድ ስኳር ባለባቸው ላይ ጥብቅ ቁጥጥር የዓይኑ በሽታ እንዳይጀምር በ76 በመቶ እንደሚከላከል አሳይቷል። ከውስጥ ደዌ ሐኪሞችና ከክትትል ክፍል ሲስተሮች ጋር የማይግባባ የሬቲና ሐኪም ግማሽ ሥራውን አልሠራም ባይ ነኝ።

እስክትገቢ ድረስ አትጠብቂ። ኦፍታልሞስኮፕ (የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ) ፈልገሽ፣ ጠብታ አድርገሽ ሬቲና ማየት ልመጂ። ዓይነት ሁለት የሆነ ታማሚ ስኳሩ በታወቀበት ጊዜ፣ ዓይነት አንድ የሆነው በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ከዚያ ሁለቱም በየዓመቱ ይታዩ። ስኳር ያለባት ሴት ስታረግዝ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ዓይን ሐኪም ላኪያት።