መልስ፦ ቫርዲን ሌስተር ከየት አመጣው?

ወንድሜ፣ ስለ እንግሊዛዊው አጥቂ ጄሚ ቫርዲ «ሌስተር ቫርዲን ከየት አመጣው፣ በስንትስ ገዛው?» ላልከው፣ የእንግሊዙ ክለብ ሌስተር ሲቲ ያመጣው በ2012 ከፍሊትውድ ታውን ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ዋጋው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ፍሊትውድ ያኔ በእንግሊዝ እግር ኳስ 5ኛ እርከን ላይ ስለነበር ለእንዲህ ዓይነት ክለብ ተጫዋች በወቅቱ ክብረ ወሰን ነበር።

ልጅ ሳለ የነበረበት ክለብ ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ፋብሪካ እየሠራ ለትንሹ ክለብ ስቶክስብሪጅ በሳምንት 30 ፓውንድ ተጫወተ፤ በሌላው ክለብ በሃሊፋክስ በኩል ፍሊትውድ ገባና በአንድ ሲዝን 31 የሊግ ጎል አገባ። በሌስተር የመጀመሪያው ዓመት ግን ከበደው፣ በሊጉ 4 ጎል ብቻ።

ዋናው መሣሪያው ከተከላካይ ጀርባ መሮጥ ነው። ኅዳር 2015 ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ያገባትን ጎል ደግመህ እያት፦ የቡድን ጓደኛው ፉክስ ኳሷን ይዞ ሲመጣ ቫርዲ ሩጫውን አስቀድሞ ጀምሯል፤ ኳሷ በተከላካዮች መካከል ስታልፍ በቀኝ እግሩ የዩናይትዱን በረኛ ዴ ሂያን አሻግሮ ወደ ሩቁ ቋሚ መታት። በተከታታይ ጎል ያገባበት 11ኛ የሊግ ጨዋታው ነበር፤ የቀድሞው የዩናይትድ አጥቂ ቫን ኒስትልሮይ የ10 ተከታታይ ጨዋታ ክብረ ወሰን ያን ቀን ተሰበረ። ተጋጣሚ ወደ ኋላ ሲሰበሰብ ግን የሚሮጥበት ክፍት ቦታ ያጣል። በእኔ እምነት ሌስተር በ2016 ካነሳው የሊግ ዋንጫ ይልቅ የሚገርመው በ33 ዓመቱ በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ መሆኑ ነው።