«ሚስቴ ናት ያስቀረችኝ»

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ካገባሁ 5 ዓመቴ ነው፤ የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ካናዳ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ በምትቀበልበት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ለመሄድ ማሰብ ከጀመርኩ 4 ዓመት አለፈኝ። የትምህርት ማስረጃዬን አስገምግሜያለሁ፤ የእንግሊዝኛ ፈተናውን አይኤልትስንም ጊዜው አልፎብኝ ሁለተኛ ተፈትኛለሁ። ባለቤቴ ባንክ ነው የምትሠራው፤ «እዚህ ምን ጎደለን?» ትለኛለች። ባለፈው ታኅሣሥ «እሺ፣ እንሂድ» ብላ ነበር። ግን በዚያ ሰሞን ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ጉልበቷን ታማ ስለነበር ትንሽ ብንቆይ ይሻላል አልኩ። አሁን መልሳ አልሄድም አለች። በየልደቴ ነጥብ እየቀነሰብኝ ነው። መቼ ብሄድ ይሻላል? እሷንስ እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ነጥቡ የጻፉት ልክ ነው። ከትዳር ጓደኛው ጋር ለሚያመለክት ሰው የዕድሜ ነጥቡ ከ20 እስከ 29 ዓመት 100 ነው፤ ከ30 እስከ 40 ባለው ጊዜ በየዓመቱ 5 ይቀነሳል። ዛሬ 80 አለዎት፤ በሚቀጥለው ልደትዎ 75 ይሆናል። መጨነቅዎ ይገባኛል። ነገር ግን በዚያው ስሌት የትዳር ጓደኛ የቋንቋ ውጤት ጥሩ ከሆነ እስከ 20 ነጥብ ያስገኛል። የ4 ልደት ቅናሽ ይመልሳል ማለት ነው። ባለቤትዎ እንድትፈተን ጠይቀዋት እንደሆነ ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የለም። ማስረጃው የእርስዎ፣ ፈተናው የእርስዎ፣ ነጥቡ የእርስዎ። እሷ የምትገኘው እንቢ ስትል ብቻ ነው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ዓይኔ ታኅሣሥ ላይ ይቆማል። ለዓመታት የጠበቁት «እሺ» መጣ፤ ያን ጊዜ «እንቆይ» ያሉት እርስዎ ነዎት። የእናትዎ ጉልበት ተሻላቸው? ማን ይጠይቃቸዋል? ሊሄዱ ማሰብዎን ያውቃሉ? ምንም አልጻፉም።

ከአገሩ ለመሄድ የሚያስብ ሰው፣ ቁርጡን ያወቀ ቢመስልም፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሁለት ነው። ግማሹ ሻንጣ ይሸክፋል፤ ግማሹ እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አልነሳም ይላል። ይህ ጤነኛ ነገር ነው። ሁለቱን ለብቻ መሸከም ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለትዳር ሰው ሳያውቀው ያካፍለዋል። «ልሂድ» የሚለውን ለራሱ ያስቀርና «ልቅር» የሚለውን ሚስቱ እንድትናገርለት ይተውላታል። ይህን የሚያጋልጠው አንዱ ሐሳቡን ሲቀይር የሚሆነው ነው። እሷ «እንሂድ» ስትል የመቅረቱ ሐሳብ ተናጋሪ አጣና ወደ እርስዎ ተመለሰ፤ እርስዎ ዳግም መገፋፋት ሲጀምሩ ደግሞ ወደ እሷ ሄደ። እናት ፊት «ትቼሽ ልሄድ ነው» ከማለት ሚስትን «አስቀረሽኝ» ማለት ይቀላል። እኔ እንደማየው ባለቤትዎ የራሷን ፍርሃት ብቻ ሳይሆን የእርስዎንም ተሸክማለች፤ በላዩም ወቀሳው አለ።

በዚህ ሁኔታ አሳምነዋት ቢሄዱም ነገሩ አብሯችሁ ይሳፈራል። ለኢሚግሬሽን ያስገመገሙት ማስረጃ የመሐንዲስነት ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃዱን የሚሰጡት በየክፍለ ግዛቱ ያሉ የሙያ ማኅበራት ናቸው፤ ጊዜም ይወስዳል። እስከዚያ ከሙያዎ በታች ሊሠሩ ይችላሉ። በዚያ በካናዳ የብርድ ወቅት ከሁለታችሁ አንዳችሁ «ምነው ባልመጣን» ማለታችሁ አይቀርም። አሁን ባላችሁ አያያዝ የምትለው እሷ ትሆናለች፤ ጥፋተኛዋም እሷ።

ስለዚህ ማሳመኑን ለጊዜው ይተዉት። ያለ ክርክር አንድ ምሽት ይቀመጡና ታኅሣሥ ላይ ለምን እንዳፈገፈጉ ይንገሯት፤ «እኔም ፈርቻለሁ» ይበሏት። ከዚያ እሷ ምን እንደምትፈልግ ይጠይቁና ሳያቋርጡ ይስሟት። ምናልባት ደጋግማችሁ መነጋገር ይኖርባችኋል። ደብረ ብርሃንም ራስዎ ይሂዱ፤ ለእናትዎ በስልክ የሚነገር ነገር አይመስለኝም። እሳቸውን ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስድ ከወንድም እህቶችዎ ጋር በስም ለይታችሁ ብትነጋገሩ የውስጥዎ ጭንቀት በመጠኑ ይቀላል።

ቀኑን በተመለከተ፣ የቋንቋ ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት፣ የትምህርት ግምገማው 5 ዓመት ነው፤ ሁለቱንም ዛሬ አውጥተው ይዩ። ነጥብዎ በቅቶ ከካናዳ «አመልክት» የሚል ግብዣ ከመጣልዎ በኋላ ሙሉ ማመልከቻውን ለማስገባት ያለዎት 60 ቀን ብቻ ነው፤ ትዳር ውስጥ ያደረ ጥያቄ በ60 ቀን አያልቅም። ከመሄጃው ቀን በፊት የመወሰኛ ቀን ይቁረጡ፤ ከአሁን 3 ወር ቢሆን አይበዛም። እስከዚያ 5 ነጥብ ቢቀንስብዎ ያስቆጫል፣ ግን ባለቤትዎ ብትፈተን ከዚያ በላይ ልታመጣ ትችላለች። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አብረውዎት ባይሄዱም ሚስትዎንና ልጅዎን ከቅጹ ላይ አይተዉ። ያልተገለጸ ቤተሰብን ቆይቶ በስፖንሰር ለመውሰድ ሲሞከር ብዙ ጊዜ በሩ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ለብቻችሁ መወጣት ካቃታችሁ የትዳር አማካሪ ጋ በአካል ብትቀርቡ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ግን ብቻዎን ይሂዱ፤ እሷን የሚያሳምን ሦስተኛ ሰው የፈለጉ እንዳይመስላት።