ሥነ ምህዳርን ከክፍል አውጡት፦ ለወጣት መምህራን

የተወደዳችሁ ወጣት መምህራን፣

ዘንድሮ ሥነ ምህዳርን ወይም የአካባቢ አያያዝን እንድታስተምሩ ለተመደባችሁ ሁሉ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ትርጓሜ ከመሸምደዱ በፊት በእጁ ይለካ። የተለመደው አካሄድ ስድስት ሰባት ሳምንት በስላይድ አስተምሮ መጨረሻ ላይ መስክ መውጣት ነው። ያኔ ጉዞው ሽርሽር ይሆናል። ተማሪው ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል፤ ሪፖርቱንም ከጓደኛው ይገለብጣል። መስኩን ወደ ሁለተኛው ሳምንት አምጡት፤ ትርጓሜው ተማሪው ራሱ ካመጣው ቁጥር ላይ ይነሣ።

ቦታ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። አውቶቡስና ነዳጅ የሚጠይቅ ጉዞ በዕቅድ ላይ ተጽፎ በበጀት እጥረት ይቀራል። በእግር የሚደረስበት የቤተ ክርስቲያን ደን ይበቃል። በሰሜኑ ደጋ የአገር በቀል ዛፍ ቅሪት በብዛት የሚገኘው እነዚህ አጥቢያዎች ውስጥ ነው፤ ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ብሳና ባንድ ቅጥር ታገኛላችሁ። የደብሩን አስተዳዳሪ ቀድማችሁ በአካል ሄዳችሁ አስፈቅዱ፤ ደብዳቤ ልኮ መጠበቅ አይበቃም። እሑድና በወርኃዊው በዓል አትሂዱ። ገብቶ መለካት ተፈቀደ ማለት ቅርንጫፍ መቁረጥ ተፈቀደ ማለት ስላልሆነ፣ ይህን ለብቻው ጠይቁ።

የሚለካው ቦታ ለዛፍ 20 በ20 ሜትር፣ በዚያው ውስጥ ለለጋ ዛፍ 5 በ5፣ ለቡቃያና ለሣር 1 በ1 ሜትር ይከለላል። የሚያስፈልገው ሲባጎ፣ ችካል፣ 50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትርና የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ማዕዘኑ እንዲቀና ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሜትር የሆኑ ሦስት ማዕዘን በሲባጎ ይሥሩ። ለዚህ ውድ መሣሪያ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ገና ችካል ሳይተከል ይፈጸማል። ቦታ ምረጡ የተባለ ተማሪ መሄድ የሚመችበትን ወይም ትልቁ ዛፍ ያለበትን ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጥር የደኑ ሳይሆን የተማሪው ምርጫ ቁጥር ነው። ደኑን በካርታ ላይ በአራት ማዕዘን ከፋፍላችሁ ቁጥር ስጡና ዕጣ ይጣል። የደረሰው ቦታ እሾህ ከሆነ እሾሁ ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ተዳፋቱን አስተውሉ። መሬቱ 20 ዲግሪ ካዘቀዘቀ፣ 20 ሜትር አግድም ርቀት ለማግኘት ሜትሩ በተዳፋቱ ላይ 21.3 ሜትር መዘርጋት አለበት። ይህ ካልታረመ የተከለለው ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር ስለሚያንስ፣ በሄክታር የሚሰላው የዛፍ ብዛት ከእውነተኛው በታች ይሆናል። የግንዱ ዙሪያ የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተዳፋቱ የላይኛው ወገን ቆሞ ነው፤ ዙሪያው ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩን ይሰጣል። ከ1.3 ሜትር በታች መንታ የሆነ ግንድ በየግንዱ ለብቻ ይለካል፤ ከአንድ ሥር መሆናቸውም ይጻፋል። ሲባጎው ላይ የቆመ ዛፍ ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። ስለዚህ በሁለቱ ጎኖች ላይ ያለው እንዲቆጠር፣ በሌሎቹ ሁለት ጎኖች ላይ ያለው እንዲቀር ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። ስሙ ያልታወቀ ተክል «ያልታወቀ» ተብሎ አይለፍ። ቁጥር ይሰጠው፣ ናሙናው በጋዜጣ ተጭኖ ይድረቅ፤ አለበለዚያ ሁለት ቡድኖች አንዱን ዛፍ እንደ ሁለት ዝርያ ይቆጥሩታል።

ስሌቱን መጀመሪያ በእጅ አሠሯቸው፤ ኤክሴል ኋላ ይደርሳል። የሻነንን መለኪያ፣ ማለትም የዝርያዎችን ብዛትና ዛፎቹ በየዝርያው የተከፋፈሉበትን መጠን ባንድ ቁጥር የሚያሳየውን፣ በሎጋሪዝም የሚሰላውን መለኪያ፣ በሁለት ምሳሌ አሳዩ። ሁለቱም ቦታዎች 40 ዛፍና 4 ዝርያ አላቸው እንበል። በአንደኛው እያንዳንዱ ዝርያ 10 ዛፍ አለው፤ መለኪያው 1.39 ይሆናል። በሌላው አንዱ ዝርያ 37፣ የቀሩት ሦስቱ አንድ አንድ ናቸው፤ 0.35 ገደማ ይወጣል። ይህን በራሱ እጅ ያሰላ ተማሪ የዝርያ ብዛት ብቻውን ብዝኃ ሕይወትን እንደማይናገር ሁለተኛ አይነገረውም። ሎጋሪዝሙ ግን በተፈጥሮ መሠረት (ln) መሆኑን አረጋግጡ፤ አንዱ ቡድን በ10 መሠረት ካሰላ ውጤቶቹ አይነጻጸሩም።

ከዚህ በኋላ ዛፎቹን በዲያሜትር መድበው በግራፍ ያስቀምጧቸው። ራሱን እየተካ የሚሄድ ደን ብዙ ቀጫጭን፣ ጥቂት ወፋፍራም ዛፍ ያሳያል። በብዙ አጥቢያ ግን ወፋፍራሞቹ ቆመው ቡቃያ ይጠፋል። ደኑ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ተተኪ የለውም። እዚህ ላይ ፈጥናችሁ መልስ አትስጡ። ከብት ይገባል? ሣር ይታጨዳል? የእግር መንገድ ያቋርጠዋል? ወይስ ዘር የለም? ተማሪዎቹ የተካበውንና ያልተካበውን ወገን ለየብቻ ይለኩ፤ የደብሩን አገልጋዮችና ከብት ጠባቂ ልጆችን ይጠይቁ። የአካባቢ አያያዝ ትምህርት የሚጀምረው እዚሁ ነው፤ ካቡን ማን ይሠራል፣ ድንጋዩ ከየት ይመጣል፣ ከብቶቹስ በምትኩ ወዴት ይሄዳሉ?

ውኃ ላይ የምታስተምሩ ደግሞ ከፍታን አትርሱ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ሊይዝ የሚችለው 7.3 ያህል ነው። ከፍታን ያላገናዘበ ሠንጠረዥ የያዘ ተማሪ ጤነኛውን ውኃ «ተበክሏል» ብሎ ይጽፋል። ሰዓቱም ይመዝገብ፤ ኦክስጅን ንጋት ላይ ዝቅ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል፤ የጠዋቱን ከከሰዓቱ ጋር ማነጻጸር ከንቱ ነው። እምቦጭን ስታነሡም ነቅሎ ማውጣት ላይ አትቁሙ። ከደለልና ከማዳበሪያ ጋር የሚገባው ንጥረ ነገር ሳይቀንስ፣ በደለሉ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የሚቆየው ዘርም ሳይታሰብ የሚደረግ ዘመቻ ለምን በየዓመቱ እንደሚደገም ተማሪዎቹ ራሳቸው በሥዕል ያገናኙት።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን፣ ማለትም አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ የሚጠናበትን ሥራ፣ ከአዋጅ ቁጥር 299/1995 ጀምሩ፤ ነገር ግን አንቀጽ በማንበብ አታብቁ። አንድ እውነተኛ ሪፖርት ስጧቸውና ጉድለቱን ይፈልጉ። መነሻ መረጃው በበጋ ብቻ ተሰብስቦ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ጎርፉ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። «ችግኝ ይተከላል» ይላል፤ ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ ስንቱ ሲጸድቅ ነው ተሳካ የሚባለው አይልም። ባለቤት፣ ጊዜና በጀት የሌለውን የማቃለያ እርምጃ ሁሉ በቀይ ያስምሩበት። ከዚያ ባለሀብት፣ ገበሬ፣ የወረዳ ባለሙያና ገምጋሚ ሆነው በክፍል ውስጥ ይከራከሩ። ባለሀብቱን የሚወክለው ጎበዝ ተማሪ ይሁን፤ ደካማ ተከራካሪ ለገምጋሚው ምንም አያስተምረውም።

ክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖረውም አምስት አምስት አድርጋችሁ ክፈሉት። አንዱ ሜትር ይያዝ፣ አንዱ ቁጥሩን ይጥራ፣ አንዱ ይመዝግብ፣ አንዱ ናሙና ይሰብስብ፣ አንዱ ችካልና ሲባጎ ይጠብቅ። መዝጋቢው የሰማውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይድገም፤ 31 እና 37 በነፋስ ውስጥ ይምታታሉ። ሚናው በየቦታው ይቀያየር፤ አለበለዚያ ሴቶቹ ሁልጊዜ መዝጋቢ ሆነው ይቀራሉ፤ ይህን በቸልታ አትለፉት። ማስታወሻው በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ነጥብም ለሪፖርቱ ብቻ ሳይሆን ለመስክ ደብተሩ ስጡ፤ ደብተሩ እዚያው መስክ ላይ ይፈረምበት።

የማዕዘኖቹን የጂፒኤስ ነጥብ፣ ቀኑንና ጥሬ ቁጥሩን በትምህርት ክፍሉ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎች ያንኑ ቦታ በዚያው ወር ይለኩ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዝናቡ አብቅቶ ቡቃያው ገና ስለማይደርቅ ይመቻል። የሞተውን፣ የተቆረጠውንና አዲስ የበቀለውን ለይተው ይጻፉ። በሦስተኛው ዓመት የመጠን ለውጥ ከመለኪያ ስሕተት የሚለይበትን ስሌት ለማስተማር ቁጥሩ በእጃችሁ ይኖራል።