መልስ፦ የዘፈን ግጥሜን ለአንድ ድምፃዊ ያለ ውል ልኬለታለሁ፣ መብቴ ጠፋ ወይ?

አልጠፋም። በቴሌግራም ብትልኪለትም ግጥሙ ያንቺ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ወረቀት ላይ ወይም ስልክ ላይ ሲሰፍር ነው፤ ምዝገባ የግድ አይደለም። ገንዘብ የሚያስገኘውን መብት ማስተላለፍ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስቱዲዮ ይገባል ስላልሽ ቶሎ በይ፦

1. የላክሽበትን መልእክት እንዳትሰርዢ። ቀኑ ማስረጃሽ ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ደብተርሽንም አስቀምጪ።
2. ከመቀረጹ በፊት አንድ ገጽ ውል ተፈራረሙ። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ለማስታወቂያ ይውል እንደሆነ ይጻፍ።
3. ዘፈኑ ሲለቀቅ «ግጥም» ከሚለው ጎን ስምሽ እንደሚወጣ ውሉ ላይ ይግባ።

ሦስተኛዋን እንዳታልፊያት። እኔ የመጀመሪያ ግጥሜን የሰጠሁት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን፣ በቃል ተስማምተን ነው። ከወራት በኋላ ከጊዮርጊስ በባጃጅ ስመለስ ዘፈኑ ተከፈተ። ስለ ደንገል ታንኳ የጻፍኳት ስንኝ ስትመጣ ክው አልኩ። ዩቲዩብ ከፍቼ ሳይ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ብሩ ተከፍሎኛል። ግን ቀጣዩ ድምፃዊ «እስካሁን ምን ሠርተሃል?» ሲለኝ የማሳየው አጣሁ።