ዝም ብሎ የሚቀጠቅጥ ለምን ያሸንፋል? የቦክስ ጌም ጥልቀቱ የት ላይ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው፦ «ከጓደኛዬ ጋር የቦክስ ጌም ስንጫወት እኔ ርቀቴን ጠብቄ፣ ጋርድ ይዤ (በእጄ ተከልዬ) እጫወታለሁ። እሱ በተኑን ዝም ብሎ ይቀጠቅጣል፣ ሁሌም ያሸንፋል። ችግሩ የኔ ነው የጌሙ? ጥሩ የሚባል የቦክስ ጌምስ ምን ሊኖረው ይገባል?»

ወንድሜ፣ በአብዛኛው የጌሙ ነው። ትንሽ ደግሞ ያንተ አለበት፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ላቡን፣ ደሙን፣ የተመልካቹን ጩኸትና የታዋቂ ቦክሰኞችን ፊት ወደ ጎን እናድርገው። ያምራል፣ ግን ሁለት ሳምንት ከተጫወትክ በኋላ አታየውም። እኔ የቦክስ ጌም ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሳተ ቡጢ ስንት ያስከፍላል? ምንም የማያስከፍል ከሆነ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው፤ ጓደኛህም የሚያደርገው ትክክል ነው። ነፃ የሆነን ነገር ማን ይቆጥባል?

ሒሳቡን በእውነተኛው ሪንግ እንየው። አንድ ዙር 3 ደቂቃ፣ እረፍቱ 1 ደቂቃ፣ የወንዶች የሻምፒዮና ግጥሚያ 12 ዙር ነው። ባለሙያ ቦክሰኛ በአንድ ዙር በአማካይ ከ50 እስከ 60 ቡጢ ይሰነዝራል፤ ከባድ ሚዛኖቹ ከዚህም ያንሳሉ። አሁን የጓደኛህን ቁጠርለት፤ ብዙ ጌም ግጥሚያው ሲያልቅ ራሱ ያሳይሃል። በአንድ ዙር 150 ሰንዝሮ፣ ግማሹን አየር መትቶ፣ ለሚቀጥለው ዙር ትኩስ ሆኖ ከወንበሩ ከተነሳ ያ ጌም የቦክስ ልብስ የለበሰ ሌላ ጨዋታ ነው።

ደህና የተሠራ ጌም ላይ ትንፋሽ ሁለት ነው። አንዱን እንደ ውሃው፣ ሌላውን እንደ ማሰሮው አስበው። ውሃው ስትሰነዝር ይጎድላል፣ ጥቂት ሰከንድ ብታርፍ ይሞላል። ማሰሮው ግን አንዴ ከጠበበ ጠበበ ነው፤ በዙሮች መሀል ኮርነር (የሪንጉ ጥግ) ላይ የሚደረገው እረፍት በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ማሰሮውን የሚያጠብቡት ደግሞ በተከታታይ የተሰነዘሩ ከባድ ቡጢዎች፣ የሳቱ ቡጢዎች እና የሚቀበሉት የሆድና የጎን ቡጢ ናቸው። የሳተው ካረፈው በላይ መክበድ ያለበት በምክንያት ነው። ያረፈ ቡጢን የሚያስቆመው የተመታው አካል ነው፤ የሳተውን ግን ራስህ በትከሻህና በወገብህ ጡንቻ ነው የምታስቆመው፣ ሚዛንህም አብሮ ይሄዳል። በኔ ግምት የሳተ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ቡጢ) ካረፈው ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ትንፋሽ መብላት፣ ሩብ ሰከንድ ያህልም ሰውዬውን ክፍት አድርጎ መተው አለበት። ጋርድ ላይ ያረፈው መሀል ላይ ይሁን።

ጥቅምት 1974 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች ነው) ኪንሻሳ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ሙሐመድ አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ ጆርጅ ፎርማን እንዲቀጠቅጠው ፈቀደለት፤ ፎርማን ክንዱ እስኪዝል መታ፣ በ8ኛው ዙር ራሱ ተዘረረ። የምትጫወተው ጌም ላይ ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነ፣ ማለትም ገመድ ላይ ጋርድ ይዘህ መቆም ሁልጊዜ ሽንፈት ከሆነ፣ የትንፋሹ ሒሳብ ተበላሽቷል ማለት ነው። በተቃራኒው ገመድ ላይ መቆም ሁልጊዜ የሚያዋጣ ከሆነም ተበላሽቷል። አሊ ራሱ ብዙ ጎኑ ላይ ተመትቷል፣ ነፃ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ትችት። በ2009 የወጣው ፋይት ናይት ራውንድ 4 በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) የሚሄድ፣ ቡጢውን በፊዚክስ የሚያሰላ ጌም ነበር። አጥብቀህ ከተጠጋህ ሁኩ ታፍኖ ይቀራል፣ ጫፉ ብቻ የነካ ቡጢ እንደነካ ብቻ ይቆጠራል፤ ለጊዜው ትልቅ እርምጃ ነው። ግን በዙሩ ባገኘኸው ነጥብ ኮርነር ላይ ጤናና ትንፋሽ «ትገዛለህ»። ብዙ የመታ ብዙ ትንፋሽ ይገዛል። ብዙ መምታት ሊያደክም ሲገባው አሳረፈ! በ2006 የወጣው ከእሱ በፊት የነበረው ፋይት ናይት ራውንድ 3 ግን በኤክስቦክስ 360ውና በፒኤስ 3ቱ ላይ የትንፋሽና የጤና መስመሮችን ከስክሪኑ አውጥቶ፣ የሰውየውን ድካም ከትከሻውና ከእጁ አወራረድ እንድታነብ አደረገ። አሁንም የምመርጠው ያን ሐሳብ ነው። ባላጋራህ የደከመ መስሎ ሊያታልልህ የሚችለው መስመር ከሌለ ብቻ ነውና።

ከትንፋሽ ቀጥሎ እግር ይመጣል። መጥፎ ጌም ላይ ቦክሰኞቹ ዘይት በፈሰሰበት ወለል ላይ እንደቆሙ ይንሸራተታሉ፤ ወደ ኋላ እየሸሸህ የሰነዘርከው ቀኝ ቆመህ ከሰነዘርከው እኩል ይጎዳል። በእውኑ የቡጢ ክብደት ከመሬት ነው የሚነሳው፦ የኋላ እግር ተረከዝ ይዞራል፣ ዳሌ ይከተላል፣ ትከሻ ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ነው። እግሩ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ሰው ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ፈጣን ቀጥታ ቡጢ) ሊመታ ይችላል፤ ባላጋራውን ለመጣል ግን እግሩን መትከል አለበት። ስለዚህ ጌሙ «ልሂድ ወይስ ልትከል?» የሚል ምርጫ በየሰከንዱ ካላቀረበልህ ጥልቀት የለውም። የሪንጉ ስፋትም ዝም ብሎ ሥዕል መሆን የለበትም። በገመዶቹ መሀል ከ4.9 እስከ 7.3 ሜትር ድረስ ይለያያል። ጠባቡ ተጭኖ ለሚጫወት፣ ሰፊው ለሚዞር ያደላል፤ ጌሙ ሪንግ የማስመረጥ አማራጭ ካለው ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ሰው ሠርቶታል ማለት ነው።

የግራኝ ነገርም አለ። ግራ እጁን ከፊት የሚያደርገው ቦክሰኛ በቦክስ ቋንቋ ኦርቶዶክስ ይባላል (ከቤተ ክርስቲያን ጋር አይገናኝም)፣ የግራኙ ሳውዝፖ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የፊት እግሮቻቸው ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ እግሩን ከባላጋራው እግር ውጪ ያሳረፈው የኋላ እጁ መንገድ ይከፈትለታል። ብዙ ጌም ግራኝን በመስታወት ገልብጦ ብቻ ያቀርባል። ያ ከሆነ ግራኝ መምረጥ የቁምጣ ቀለም እንደመምረጥ ነው።

ጉዳት ላይ የምፈልገው አንድ የጤና መስመር ሳይሆን ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አገጭ ላይ ያረፈ ቡጢ ወዲያው ያናውጣል፣ ካልደገምክበት ግን ያልፋል። የሆድ ቡጢ አሁን ምንም አይመስልም፣ ከ7ኛው ዙር በኋላ ነው ዕዳው የሚመጣው። ጉበት ግን ለብቻው ነው። ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር በግራ ሁክ ሲመታ ሰውየው አንድ ሁለት ሰከንድ ቆሞ ከዚያ ይታጠፋል፤ አእምሮው ንቁ ነው፣ ገላው እምቢ ይላል። መስከረም 2004 በርናርድ ሆፕኪንስ ኦስካር ዴ ላ ሆያን በ9ኛው ዙር የጣለው በዚህ ነው። ደግሞ የሚዘርረው ያልታየው ቡጢ ነው። አንገቱን አጠንክሮ የጠበቀ ሰው የሚቋቋመው ቡጢ፣ ራሱ ሲሰነዝር መሀል ላይ ቢያገኘው ይጥለዋል። ስለዚህ ጌሙ ባላጋራው እየገባ በነበረበት ቅጽበት ያረፈን ቡጢ እጥፍ ካላሰላ፣ ጠብቆ የሚመታ ሰው (እንዳንተ ያለ) ደመወዙን ሳይቀበል ይሄዳል።

መቁሰልም ቦታ አለው። ከቅንድብ በላይ የተሰነጠቀ ደሙ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ከዓይን በታች የሆነው ያስፈራል እንጂ ያን ያህል አያግድም። ሰኔ 2003 ሎስ አንጀለስ ላይ ቪታሊ ክሊችኮ በሦስቱም ዳኞች 58 ለ56 እየመራ ሳለ ሐኪሙ በቁስሉ ምክንያት ከ6ኛው ዙር በኋላ አስቆመው፣ ሌኖክስ ሉዊስ አሸነፈ። ይህ ሊፈጠር የሚችልበት ጌም ላይ የግራ ቅንድብ መጠበቅ የጨዋታ ዕቅድ ይሆናል።

ዳኝነቱን ጌሞች ከሁሉ በላይ ያበላሹታል። አሠራሩ ለዙሩ አሸናፊ 10፣ ለተሸናፊው 9፣ አንዴ ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ 8 ነው። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፣ ደግሞም አይስማሙም። ጌሙ የቡጢ ብዛት ቆጥሮ ዙሩን ከሰጠ ጓደኛህ ተመቸው፤ ጋርድህን የነካው ሁሉ ይቆጠርለታል። መቆጠር ያለበት በንጽሕና ያረፈው ነው።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ ደረጃውን ስትጨምር ብልህ ከሆነ ጥሩ፤ ቡጢው ብቻ ከከበደና በተን እንደነካህ ወዲያው ከሸሸ ግን እያነበበህ ያለው ጆይስቲክህን ነው። ፓንች አውት የሚባለው የ1987ቱ የኒንቴንዶ ጌም እውነታ የሚባል ነገር የለውም፣ ሆኖም የባላጋራውን ምልክት አይቶ መመለስን ከብዙ «እውነተኛ» ጌሞች በላይ ያስተምራል። ከ2011ዱ ፋይት ናይት ቻምፒዮን በኋላ ክፍተቱ ረጅም ነበር፤ በእንግሊዟ ሼፊልድ ያለ ስቱዲዮ አንዲስፒዩትድ የሚባለውን ጌም መጀመሪያ በ2023፣ ሙሉውን በ2024 እስኪያወጣ ድረስ ሰው አሮጌውን ሲጫወት ኖረ።

አንድን ጌም ከመግዛትህ ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተህ ሰዓት ከመክፈልህ በፊት እንዲህ ሞክረው። 30 ከባድ ቡጢ አየር ላይ ሰንዝርና ዙሩ ሲያልፍ ትንፋሹ ሙሉ ይመለስ እንደሆነ እይ። ረጅምና አጭር ቦክሰኛ አጋጥመህ፣ ረጅሙ በጃብ ጫፍ አጭሩን ማስቀረት ይችል እንደሆነ ተመልከት። አራት ዙር ሆድ ብቻ ምታ፤ በ8ኛው ዙር የሰውየው እግር ካልከበደ የሆድ ቡጢው ውሸት ነው። ያንኑ ጃብና ቀኝ አሥር ጊዜ ደጋግም፤ ኮምፒውተሩ አሥረኛውንም እንደ መጀመሪያው ከተቀበለው አይማርም።

ያንተ ድርሻ ደግሞ ይኸውና። ሰው ያየውን ነገር በእጁ እስኪመልስ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በ60 ፍሬም ሲቆጠር ከ12 እስከ 15 ፍሬም ነው። ቴሌቪዥኑ ጌም ሞድ ላይ ካልሆነ ምስል ሲያሳምር ሌላ ፍሬም ይበላብሃል። ያ መዘግየት አይቶ የሚመልሰውን ይጎዳል እንጂ ሳያይ የሚቀጠቅጠውን አይነካውም። ኦንላይን ሌግ (የኔትወርክ መዘግየት) ሲኖርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጌም ሞዱን አብራ። ዙሩን ከ3 ወይም 4 ወደ 10 ወይም 12 አሳድግ፤ በአጭር ግጥሚያ ድካም ሳይደርስ ያልቃል፣ የምታከማችበት ዕዳ የሚከፈልበት ጊዜ የለውም። ከዚያ ወደ ኋላ ሙሉ እርምጃ አትሽሽ፣ ግማሽ ብቻ፤ ሁለት እንዲስት ጠብቅና ሦስተኛው ላይ ቀጥታ ቀኝ ሆዱ ላይ። ጭንቅላቱን አትፈልግ፣ የሚቀጠቅጥ ሰው ጭንቅላቱ አይቀመጥም፣ ሆዱ ግን የትም አይሄድም። ሲጠጋህ ክሊንች ያዝ (እጁን አቅፈህ እሰረው)፣ ዳኛው እስኪለያይ ትንፋሽህ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ በ12 ዙር አድርገህ በ9ኛው ዙር ላይ አሁንም እንደ 1ኛው የሚቀጠቅጥ ከሆነ፣ ጌሙን ቀይሩ።