ለተሳሳተ ሰው የሄደ ኢሜይል፦ ሪኮሉን ተይውና ደውይ

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ገና ነው ያየሁት። "የሰራተኛውን ፔይሮል (የደመወዝ ዝርዝር) ለአለቃዬ ልልክ ስል ስሙ ተመሳሳይ ለሆነ ደንበኛ ሄደብኝ፣ ሳይከፍተው እንዴት ልመልሰው" ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽን አነበብኩት፣ ግማሹ ከሴንት (የተላኩት ካሉበት) ውስጥ ዲሊት አድርጊው ይልሻል ግማሹ ሪኮል አድርጊው፣ ማለትም የላክሽውን መልሰሽ ጥሪው ይልሻል። የመጀመሪያው ምንም አይጠቅምሽም፣ ሁለተኛው ጭራሽ ሊጎዳሽ ይችላል። እኛ ቢሮ ቁርጥ ይሄው ነገር ተፈጥሮ ያየሁትን ስላየሁ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ፣ ታገሺኝ።

1. ጂሜይል ላይ ሴንድ ስትዪ ከታች ብቅ የሚለው "Undo" (መልሰው) የሚባለው ነገር ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው የሚቆየው፣ ሴቲንጉን ነክተሽው ካላወቅሽ ደግሞ 5 ሰከንድ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሄደን ኢሜይል አይመልስም፣ ጂሜይል ለነዛ ሰከንዶች ሳይልከው ይዞ ስለሚቆይልሽ ነው። አንዴ ከወጣ የደንበኛው ሰርቨር (ኢሜይላቸው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ተቀብሎታል፣ ኮፒው የነሱ ሆኗል፣ አንቺ ጋ ያለውን ብታጠፊ እነሱ ጋ ያለው አይነካም። ሁላችንንም የሚያሳስተን ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ላይ ያንቺም የሱም ጽሁፍ ያለው አንድ ድርጅት እጅ ስለሆነ ከሁለታችንም ይጥፋ ስትዪ ይጠፋል። የኢሜይል ግን ካንዱ ድርጅት ሰርቨር ወጥቶ ሌላው ድርጅት ሰርቨር ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጎግል የሌላ መስሪያ ቤት ሳጥን ገብቶ የሚያወጣበት መንገድ የለውም።

2. ሪኮል እንዳትነኪ። ሪኮል የአውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) ነው፣ የሚሰራውም ላኪና ተቀባይ አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ ሆነው ሁለቱም ኢሜይላቸው ማይክሮሶፍት ላይ ሲሆን ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. አሻሽለውት አሁን የተነበበም ሊያነሳ ይችላል፣ ግን አሁንም ከድርጅቱ ውጪ ለሄደ ኢሜይል አይሰራም። እኛ ጋ የሆነው ከዛ በፊት በድሮው አውትሉክ ነው። አንዲት ልጅ፣ በጣም ጠንካራ ሰራተኛ ናት፣ ለደንበኛ ፕሮፎርማ ስትልክ የመግዣ ዋጋችንና በየእቃው ላይ የምንይዘው ትርፍ ያለበትን ኤክሴል አብራ አታች አድርጋው ሄደ። ሲሲ (ኮፒው አብሮ የሚሄድላቸው) ላይ ደግሞ ያንን ዋጋ ማየት የማይገባቸው የራሳችን ሰዎች አሉበት። ልጅቷ ወዲያው ነው ያወቀችው፣ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ የደንበኛውን የግዢ ሃላፊ ስልክ ስላለኝ አሁኑኑ ልደውልላቸው አልኩ። የክፍላችን ሃላፊ ግን እምቢ አለ፣ ደውሎ መለመን ድርጅቱን ማዋረድ ነው ብሎ እሱ ራሱ ኮምፒውተሯ ላይ ቁጭ ብሎ ሪኮል አደረገው፣ አልሰራ ሲለው ደገመው፣ ከዛም ደገመው። እያንዳንዱ ሪኮል ደግሞ ደንበኛው ጋ እንደ አዲስ ኢሜይል እየገባ ነው፣ "እከሌ ይህን መልእክት መመለስ ትፈልጋለች" እያለ ከነርእሱ!

በኋላ የግዢ ሃላፊውን በስልክ ሳገኛቸው ያሉኝን አልረሳውም። "ልጄ፣ እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ፕሮፎርማውን ነገ ነበር የማየው፣ ያ ሁሉ ነገር ተደራርቦ ሲመጣ ነው ምን ጉድ ነው ብዬ የከፈትኩት" አሉኝ። በቃ። ቀጥሎ ለድርድር ሲቀመጡ የኛን የመግዣ ዋጋ በቃላቸው ይዘውት ነው የመጡት፣ በየእቃው ቅናሽ ጠየቁ፣ ደንበኛውን ላለማጣት ተሰጣቸው። ጥፋቱ ደግሞ በልጅቷ ላይ ብቻ ተላከከ፣ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለሷ ነው፣ ሪኮሉን ስለደጋገመው ሰው አንድ መስመር የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የአይቲ ክፍሉን ነገርማ ተይው። ሲሲ ያደረገቻቸው የራሳችን ሰዎች ስለነበሩ እሱን እንኳን እናስጠፋ ብለን ሄድን። ልጅቷ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች የአይቲው ሰውዬ "በጽሁፍ ጠይቂ፣ በአለቃሽ በኩል ይምጣ" አላት፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት። እኔ ቆይቼ ነው የተረዳሁት፣ ውስጥ ለውስጥ የሄደን ኢሜይል አድሚን የሆነ ሰው ከየሰራተኛው ሳጥን ውስጥ ፈልጎ የሚያጠፋበት መሳሪያ አለው፣ ማይክሮሶፍትም ላይ አለ፣ ጎግልም ላይ ድርጅቱ እንደገዛው ፓኬጅ ይኖራል። ማለትም ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ነው በደብዳቤ ያስጠበቀን። ስለዚህ አንቺም ሲሲ ላይ የራሳችሁ ሰው ካለ አይቲን በትህትና ግን በጥብቅ ያዢው፣ አለቃሽን ይዘሽ በአካል ሂጂ፣ አይቻልም ካለሽ አይቻልም ያለውን በኢሜይል እንዲጽፍልሽ ጠይቂው።

አንድ ነገር ብቻ ነው የዛን ቀን የተረፈልን። ልጅቷ ኢሜይሉ ውስጥ ፎቶዎቹ ያሉበትን የጎግል ድራይቭ ፎልደርም ሊንክ ጨምራ ነበር፣ እዛ ውስጥ ደግሞ የሌሎች ደንበኞች ውል ነበረበት። እነሱ ሪኮል ሲያደርጉ እኔ በሷ ስልክ ድራይቭ ውስጥ ገብቼ ሼሩን ሪስትሪክትድ (የተፈቀደለት ብቻ የሚከፍተው) አደረግኩት፣ ሊንኩ ተዘጋ፣ በኋላ የነካው ሰው ከፍቶ ምንም አላገኘም። አንቺም ፋይሉን በሊንክ ከላክሽው እድለኛ ነሽ፣ ይሄን ማንበብ አቁሚና መጀመሪያ እሱን ዝጊ። ጂሜይል ላይ ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ራሱ ወደ ድራይቭ ሊንክ ስለሚቀይረው ምናልባት ሳታውቂው በሊንክ ሄዶ ይሆናል፣ እዪው። በአታች ከሆነ ግን የለም፣ ስልክ ብቻ ነው።

ስልኩን እንዴት እንደምታወሪ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ሌላ ባልደረባችን የሰራተኛ ውል ለተሳሳተ ሰው ሲልክ ማንንም ሳላማክር እኔ ነኝ የደወልኩት፣ ሰውየው ስልኩን እንደያዙ አጠፉት፣ ነገሩ እዛው አለቀ። በዚህ እኮራለሁ። "ጤና ይስጥልኝ፣ ከእንዲህ ያለ ድርጅት ነው፣ አሁን ከኛ የደረስዎት ኢሜይል የሌላ ሰው ነበር፣ በስህተት ነው የመጣው፣ እባክዎን ሳይከፍቱት ያጥፉልኝ፣ ከትራሽም ያውጡልኝ" ነው ያልኩት። ትራሹን አትርሺ፣ ጂሜይል ላይ የተጣለ ነገር 30 ቀን እዛው ይቀመጣል። ለሌላ ሰው ፎርዋርድ አድርገውት እንደሆነም ጠይቂ። ሚስጥር ነው፣ ደመወዝ አለበት፣ እንዳያዩት ምናምን አትበዪ፣ እንደዛ ስትዪው ማንም ሰው ያየዋል። ከስልኩ በኋላ ባጭሩ በኢሜይል አመስግኚ፣ ፋይሉን ሳትጠቅሺ፣ መጠየቅሽ በጽሁፍ እንዲኖርሽ ነው።

3. ለአለቃሽ ዛሬውኑ ንገሪ። እኔ አውቃለሁ ከባድ ነው። ግን ያንቺ ከኛ ይለያል፣ ፔይሮል የሰው ስምና ደመወዝ ነው፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ድርጅቱም የሚጠየቅበት ነገር ስለሆነ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ይብስብሻል። "ተሳስቼ ልኬዋለሁ፣ ደውዬ አስጠፍቻለሁ፣ ይሄው" ብሎ መግባትና ተደብቆ መገኘት በጣም ይለያያል፣ እኛ ጋ ያቺን ልጅ ከመባረር ያተረፋት ቶሎ መናገሯ ነው።

ለወደፊቱ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ጂሜይልሽን ክፈቺና ሴቲንግስ ውስጥ ጀነራል የሚለው ጋ "Undo Send" የሚለውን 30 አድርጊው፣ ከገጹ መጨረሻ ሴቭ ቼንጅስ ካላልሽ አይያዝም፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል። የአይፎኑ ሜይልም ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ እስከ 30 ሰከንድ ማድረግ ይቻላል። የድሮው (ክላሲክ) አውትሉክ ከሆነ ሩል፣ ማለትም ራሱ የሚሰራ ትእዛዝ፣ ሰርተሽ የምትልኪው ሁሉ ለተወሰነ ደቂቃ አውትቦክስ ውስጥ እንዲቆይ ማድረግ ትችያለሽ፣ እኔ እንደዛ ነው የምሰራው። ጂሜይል ላይ ኮንፊደንሻል ሞድ (የሚስጥር አላላክ) የሚሉሽም ጥሩ ነው፣ በኋላ ፈቃዱን ማንሳት ትችያለሽ፣ ግን ከመላክሽ በፊት ኦን ማድረግ ያለብሽ ነገር ስለሆነ ለዛሬው አይሆንም፣ ስክሪንሾትም አይከለክልም። አድራሻውን ሁሌ መጨረሻ ላይ ሙዪው። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ስለሆነ በአንድ ቢሮ ኮንታክት ውስጥ ስንት ዳዊት ስንት ሄለን አለ፣ ያንን ደንበኛ ከነድርጅቱ ስም ሴቭ አድርጊው።

ቴሌግራም ላይ ኢሜይል እንመልሳለን እያለ ብርና ፓስወርድ የሚጠይቅ ካጋጠመሽ ሌባ ነው፣ እንዳትሰጪ። አሁን ደውይ፣ ስልኩ ከሌለሽ በሪሴፕሽናቸው በኩል አስጠሪው። ምን እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልን፣ ማታ ስለምገባ አየዋለሁ።