ለዘወትር የሚሆን የስፔን ኻሞን፦ ጥያቄና መልስ

ማድሪድ ውስጥ አንድ ቻርኩቴሪያ (የደረቀ ሥጋ መሸጫ ሱቅ) ቆሜ ኻሞን ስቆርጥ ስድስት ዓመቴ ነው። ወዳጅ ዘመድ ስለዚሁ ሲጠይቀኝ ስለሚውል አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ኻሞን ማለት በጨው ታሽቶ፣ ወራት ተሰቅሎ የደረቀ የአሳማ የኋላ እግር ነው። እናቴ በስልክ ስነግራት ሐሞት መስሏት "ሐሞት የሚገዛ ሰው አለ እንዴ?" ብላኛለች። አሳማ የማትበሉም ቶሎ አትሂዱ፣ መጨረሻ ላይ ለእናንተም አለኝ።

ሱፐርማርኬት ገብቼ ሴራኖ፣ ኢቤሪኮ፣ ሬሴርቫ የሚለውን ሳይ ግራ ይገባኛል። ለየቀኑ የቱን ልያዝ?

ሴራኖ ያዢ እህቴ። ከነጭ አሳማ የሚሠራው ነው። ከስሙ ቀጥላ ያለችውን ቃል እያት፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ የምትነግርሽ እሷ ናት። ቦዴጋ ቢያንስ 9 ወር፣ ሬሴርቫ 12፣ ግራን ሬሴርቫ 15። አንዳቸውም ካልተጻፉበት ገና 7 ወሩን የደፈነ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ እርጥብ ነው፣ ጨው ጨው ይላል፣ አፍ ውስጥ እንደ ማስቲካ ይጎተታል። እኔ ቤቴ የምወስደው ግራን ሬሴርቫ ነው። "ቴሩኤል" የሚል ካገኘሽም አትለፊው። እሱም ከነጭ አሳማ ነው፣ ግን ቴሩኤል የስፔን አውራጃ ነው፣ ስሙም በሕግ ለዚያ አገር ኻሞን የተጠበቀ ነው፣ ከአንድ ዓመት በላይም ይቆያል።

ኢቤሪኮ ካልሆነ ኻሞን አይባልም ይሉኛል። እውነት ነው?

የሚሉህ ሰዎች ከፍለውልህ ከሆነ እውነት ነው። ኢቤሪኮ የስፔን የአሳማ ዘር ነው፤ ሲገዛ የሚታየው እግሩ ላይ የታሰረው የማኅተም ቀለም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው። ጥቁሩ ዘሩ መቶ በመቶ ኢቤሪኮ ሆኖ በዱር የባሉጥ ፍሬ ለቅሞ የወፈረ ነው፤ "ፓታ ኔግራ" (ጥቁር እግር) መባል የሚፈቀድለትም እሱ ብቻ ነው። ቀዩም ባሉጥ በልቷል፣ ዘሩ ግን ድብልቅ ነው። አረንጓዴው ሜዳ ላይ ወጥቶ መኖም ተሰጥቶት ያደገ ነው። ነጩ በረት ውስጥ በመኖ ያደገ ነው፣ ባሉጥ በዓይኑም አላየ። ስለዚህ ነጭ ማኅተም አንጠልጥሎ "ኢቤሪኮ ነኝ" የሚለውን በውድ ከመግዛት ጥሩ ግራን ሬሴርቫ ይሻልሃል። ጥቁሩ ለበዓል ነው። እሱም ቢሆን በሃምሳ ግራም።

ሙሉ ፓሌታ በጣም ረክሶ አየሁ። ልግዛ?

ፓሌታ የፊት እግሩ ነው፣ ወርቹ። ዋጋው ያጓጓል፣ ግን አጥንቱን አስብ። ምሳሌ ልስጥህ፤ ዋጋው የእኔ ግምት ነው። 7 ኪሎ ኻሞን በኪሎ 10 ዩሮ ቢሆን 70 ዩሮ ትከፍላለህ። አጥንቱ፣ ቆዳውና የሚጣለው ጮማ ወጥቶ ግማሽ ያህሉ ቢቀርህ ነው፣ ስለዚህ የምትበላው ሥጋ በኪሎ 20 ዩሮ መጣ። 4.5 ኪሎ ፓሌታ በ8 ዩሮ ሒሳብ 36 ዩሮ ነው፣ የሚበላው ግን 1.7 ኪሎ ቢሆን ነው። በኪሎ 21 ዩሮ! ርካሹ የቱ ነው እንግዲህ? ጣዕሙን ወደኸው ከሆነ ግን ግዛው፣ አይከፋም።

ለሁለት ሰው ሙሉ እግር ይሻላል ወይስ የተቆረጠ?

የተቆረጠ። ሙሉ እግር ብዙ በላተኛ ላለበት ቤት ነው። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ገና አንዱን ገዝቼ በሽንኩርት ቢላ ስታገል አውራ ጣቴን ቆረጥኩ፤ እሱም ይሁን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ደረቀብኝ። ባንኮኒው ላይ መቶ ግራም አስቆርጪ፣ "ስስ አድርገው" በይ፣ ከሁለት ሦስት ቀን አታሳልፊው። ከመብላትሽ ሃያ ደቂቃ በፊት ከፍሪጅ አውጪው። ጮማው ብርጭቆ መስሎ ሲያብረቀርቅ ደርሷል ማለት ነው። ወጥ ወይም እንቁላል ውስጥ ልትጨምሪው ከሆነ ደግሞ በስሱ ለተቆረጠው አትክፈዪ፤ ከጫፍ ጫፍ የተራረፈውን በኩብ ከትፈው በርካሽ ይሸጡታል።

ሥጋው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አየሁ። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም! ታይሮሲን ይባላል፣ ሥጋው ሲቆይ ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የሚወጣ ክሪስታል ነው። እኔ እንዲያውም ሳየው ደስ ይለኛል። በሙሉ እግር ቆዳ ላይ የሚወጣውን ሻጋታም ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረገው፣ በቃ።

እኔ አሳማ አልበላም። ታዲያ ስፔን ምን ልብላ?

ሴሲና አለልህ ወንድሜ። የሊዮን አገር ሰዎች የከብት ታፋ ጨው ያሹታል፣ በእንጨት ጭስ ያጥኑታል፣ ቢያንስ 7 ወር ያቆዩታል። ቋንጣ ያሳደገው ሰው ወዲያው ይግባባዋል፣ ሚጥሚጣ የለውም እንጂ። ወይራ ዘይት ጠብ አድርግበት። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ የፈረስ ሴሲናም ስላለ "ቫካ" ወይም "ቫኩኖ" መባሉን አንብብ። ሁለተኛ፣ ባንኮኒው ላይ የምንቆርጥበት ማሽን ብዙ ቦታ አንድ ነው፤ ኻሞኑም ሴሲናውም በዚያው ያልፋል። ካሳሰበህ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣውን ውሰድ።